ፈተናው ላይ ማን መጣች?

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ መታጠቢያና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ከገቡበት በኋላ የቀረው ቦታ ለወሬ ብቻ ነው። ካስኩ አሮጌ ስለሆነ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከሥሩ ፀጉሯን በቢጉዲን ተጠቅልላ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ቆመው ቢያሟት እንኳ አትሰማም፤ ራሷ ስታወራ ግን ጩኸቱን ለማሸነፍ ስለምትጮህ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ ጉዷን ይሰማል። ይህን ካስክ ልብ በሉት፣ በኋላ ጉድ ያፈላል።

የቤቱ ባለቤት ፀጉር ሠሪዋ ናት። ልጇን ሰፈሩ ሁሉ ሚጢጢ ይላታል። ሕፃን ሳለች የወጣላት ስም ነው፤ አሁን ከእናቷ በራስ ትበልጣለች፣ ስሙ ግን አብሯት አላደገም። ሚጢጢ ባለፈው ዓመት የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ወስዳ ወድቃለች። ሒሳቡንም ሳይንሱንም በደንብ ሠርታ እንግሊዝኛው ጣላት። እሱም ቢሆን ሰዋስው አልነበረም የጣላት፣ ቃላቱ ናቸው። ፈተናው ይዟቸው የመጣው ቃላት ሰው አፍ ላይ የማይገኙ፣ የተኮፈሱ፣ ረጃጅም ነገሮች ነበሩ። አየቻቸው፣ አዩዋት፣ ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሚጢጢ ዓይኗን አብሳ እናቷ አጠገብ ቆመች። “በቃ እማዬ፣ መቀሱን ስጪኝና ሙያሽን ልልመድ” አለች።

እናቷ የደንበኛ ፀጉር እየቆረጠች ነበርና ቀና እንኳ አላለችም። “መቀስ የሚይዝ እጅ እዚህ ቤት አንድ አለ፣ ይበቃል። አንቺ ፀጉር ታጥቢያለሽ፣ ወለል ትጠርጊያለሽ፣ ታጠኛለሽ፣ ዳግም ትፈተኛለሽ።”

“ሁለተኛው የመጨረሻ ነው እኮ። ከዚያ ወዲያ አይፈቅዱም።”

“እንግዲያስ በሁለተኛው ታልፊያለሽ።”

ከዚህች ሴት ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው። ግድግዳስ ቢሆን አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ሚጢጢ ሽርጧን ታጥቃ መታጠቢያው ዘንድ ቆመች፤ ወፍራሙን የቃላት መጽሐፍ ከሻምፑ ጠርሙሶቹ መሐል አቆመችው፣ እጇ አረፋ ውስጥ ዓይኗ ገጹ ላይ ሆነ። መጽሐፉ ውሃ እየጠጣ አበጠ፤ እሷ ግን ምንም አልጠጣችም። ትናንት የሸመደደችው ቃል ዛሬ ሲጠሩት አቤት አይልም። አንዳንድ ቀን ጥርሷን ነክሳ መጽሐፉን በውሃ ልትዘፍቀው ይቃጣታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ካስኩ ሥር ባለሱቋ ተቀምጣለች። ባለሱቋ ከፀጉር ቤቱ ማዶ ሳሙናና ብስኩት የምትሸጥ፣ ደግ፣ ሰው ወዳድ ሴት ናት፤ ዝም አይነቅዝም የሚባለው ተረት ግን እሷ ጋ አልደረሰም። ስለ ምራቷ ፍሪጅ ጀምራ፣ ከፍሪጁ ወደ ፍሪጁ ሠራተኛ፣ ከሠራተኛው ወደ ሠራተኛው አማት ተሻግራ፣ ማንም ሳይጠይቃት የአማቲቱን የጉልበት ሕመም እየዘረዘረች ነበር። ሚጢጢ ዓይኗን ወደ መጽሐፉ ጣል አደረገች። “ጋሩለስ” ይላል። ትርጉሙ፦ ያለ ልክ የሚያወራ፣ በተለይም በማይረባ ነገር ላይ።

ቀና ስትል ቃሉ ቢጉዲን ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ሳቋን ለማፈን አረፋውን አፏ ላይ አደረገችው። እናቷ ጠጋ ብላ “ምን ያስቅሻል?” አለቻት፤ ሚጢጢም ካስኩን ተማምና ነገረቻት። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ጎንበስ ብላ አንሥታ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ “ሌላስ አለ?” አለች። “ለዚያችኛዋም ፈልጊላት።”

በማግሥቱ ሚጢጢ ጠዋት ስትነሣ ጋሩለስ ጭንቅላቷ ውስጥ ቁጭ ብላ እያወራች ነበር። ለካ ቃል ገላ ይፈልጋል! ከዚያ ወዲያ በበሩ የገባ ሁሉ ባዶውን አይወጣም። አከራይዋ፣ ሻምፑዋን በሽሮፕ ጠርሙስ ይዛ መጥታ የተረፈውን ጠብታ ይዛ የምትመለሰው፣ ፍሩጋል ሆነች። ፋርማሲስቷ ደግሞ የኋላ ፀጉሯን በሁለት መስታወት መሐል መርምራ፣ አንዲት ዘለላ ከጓደኞቿ ረዘመች ብላ እንደገና የምትቀመጥ ናት፤ እሷ ሜቲኩለስ ናት። ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ሥር በፒያስትራ ተለስልሶ የሚወጣ ፀጉር ኤፌመራል፣ ወዲያው ጠፊ ነው፤ ከአስፋልቱ ማዶ አይደርስም። የባንክ ሥራ አስኪያጇ ሰው ስታናግር አገጯ ወደ ላይ፣ ዓይኗ ወደ ታች ነው። ኮንዴሴንዲንግ እሷ ናት፤ ግን እንግሊዝኛ ስለምታውቅ ይህን በጥቅሻ ብቻ ነው የሚባባሉት።

እናቷ የእንግሊዝኛ ፊደል አትለይም፤ አሠልጣኝነቱን ግን ማንም አልቀማትም። ደንበኛ ደጁን ስትረግጥ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፤ ሚጢጢ በሹክሹክታ ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መናገር አለባት።

“ልክ ልበል ስሕተት በምን ታውቂያለሽ?” አለቻት ሚጢጢ አንዴ።

“እንግሊዝኛ ባላውቅ ልጄን አላውቅም? ስታመነቺ አፍንጫሽ ይንቀሳቀሳል።”

ትንሽ ቆይታም “የኔስ ቃል ማናት?” ብላ ጠየቀች።

“ያንቺ ገና አልተገኘም” አለች ሚጢጢ። አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ፤ እናቷ ግን ያኔ ውሃ ልትቀዳ ዞር ብላ ነበር።

እንዲህ እያሉ ደህና ሰነበቱ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ባለሱቋ እንደ ልማዷ ካስኩ ሥር ነበረች። ሌላ ደንበኛ ልትገባ ስትል እናትየዋ ሥራውን ለማፋጠን፣ በካስኩ ጩኸት ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ “ሚጢጢ፣ ጋሩለስን ቶሎ አውጪያትና…” ስትል ካስኩ ቀጥ አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። “ጋሩለስን” የሚለው ቃል ብቻውን መሐል ወለሉ ላይ ቀረ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ባለሱቋ ግራና ቀኝ አየች፤ ከሷ በቀር ካስክ ሥር ያለ ሰው የለም። “ማንን ነው? እኔን ነው?” አለች።

እናትየዋ ቀላች። ሚጢጢ ቀደመቻት። “ቁልምጫ ነው እትዬ። የእንግሊዝኛ ነው። ጨዋታ አዋቂ ማለት ነው።”

“አትይኝም!” ባለሱቋ በቢጉዲኗ ላይ እጇን አሳረፈች። “ጋሩለስ… ጋሩለስ። ደስ ይላል እኮ! ባሌ በሕይወት ዘመኑ አንድ ቁልምጫ አላወጣልኝም።”

ውሸት ግማሹ እውነት ሲሆን ይብሳል፤ ጠርጣሪ አያገኝም። ባለሱቋ በሳምንቱ መጥታ “የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ጻፊልኝ” አለቻት። ሚጢጢ እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ያ መሆኑን አውቃለች። ምላሷ አልታዘዝ አላት፣ እጇ ታዘዘ፤ ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ ከማዶው በራፍ በላይ በነጭ ሰሌዳ፣ በቀይ ቀለም፣ በሁለት ቋንቋ “ጋሩለስ ሱቅ” የሚል ማስታወቂያ ተሰቀለ። ባለሱቋ ወንበር አውጥታ ከሥሩ ተቀመጠች፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ የስሟን ትርጉም አስረዳች። ሚጢጢ ሱቁ ባለበት በኩል ማለፍ ትታ ዙሪያውን መሄድ ጀመረች።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሏል። አከራይዋ አለች፣ ፋርማሲስቷ አለች፤ ባለሱቋ ከካስክ ወጥታ ግማሹ ቢጉዲን ተፈትቶላታል። የባንክ ሥራ አስኪያጇ በሩን ገፍታ ገባች፣ አገጯ ወደ ላይ። “እዚያ ማዶ አንዷ ሱቋን ‘ለፍላፊ’ ብላ ሰይማዋለች” አለች እየሳቀች። “በእንግሊዝኛ! ምስኪን፣ ማን ቀልዶባት ይሆን?”

የሳቀ ሰው አልነበረም። ባለሱቋ ቀስ ብላ ወደ መታጠቢያው ዞረች። “ሚጢጢ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው ብለሽኝ አልነበር?”

ሚጢጢ መሬት መሬት አየች። ባለሱቋ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ተነሣች፤ ግማሽ ራሷ ቢጉዲን፣ ግማሽ ራሷ የተፈታ እንደሆነ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ያቺ ሴት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።

ነገሩ ወጣ። ፀጉር ሠሪዋ ለቀሩት ደንበኞቿ የየራሳቸውን ቃል አንድም ሳትደብቅ ተናዘዘች፤ ሥራ አስኪያጇን ብቻ “ለርስዎ ገና ነን” ብላ አለፈቻት። አከራይዋ “ቆጣቢ? ታዲያ ምኑ ነው ስድቡ?” ብላ ይልቁንም ቀና አለች። ፋርማሲስቷ መጽሐፉን አስመጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ትርጉሙን አንብባ፣ እንደገና አንብባ፣ “ልክ ነው” ብላ መለሰችላቸው። ማንም አልተቀየመም። የተቀየመችው ያቺው ለሁሉም መነሻ የሆነችው ናት።

ማዶ ሱቁ ክፍት ነው፤ ወሬው ግን ተዘግቷል። ባለሱቋ የተጠየቀችውን ዕቃ ትሰጣለች፣ ትቀመጣለች። ሰሌዳውን አላወረደችውም፤ ጨርቅ ጣል አድርጋበታለች። ሚጢጢም መጽሐፏን ስትገልጥ ጋሩለስ የሚለው ላይ ስትደርስ ፊቷ ይቃጠላል፤ ከጋሩለስ ጋር ፍሩጋል፣ ከፍሩጋል ጋር ሜቲኩለስ፣ ሁሉም እየተከታተሉ ከጭንቅላቷ ወጡ። ፈተናው እየተቃረበ ነው። ይህን ካጣች ሌላ የለም።

እናቷ አንድ ከሰዓት ሽርጧን ፈታች። “ያፈነዳሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።”

“አይሆንም እማዬ” አለች ሚጢጢ። “አንቺ ያመለጠሽ እውነቱ ነው። ውሸቱ የኔ ነው።”

ሱቁ ውስጥ ስትገባ ቢጉዲኖቹ በፌስታል ተቋጥረው ባንኮኒው ላይ ተቀምጠዋል። ሊመለሱላቸው ነው፤ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ሚጢጢ ግን ጀመረችው።

“እትዬ፣ ጋሩለስ ማለት ለፍላፊ ማለት ነው። ብዙ የሚያወራ፣ በማይረባ ነገር። ያኔ ስጠየቅ ፈርቼ ዋሸሁ፤ አጻጻፉን ስጽፍልዎትም ደግሜ ዋሸሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ባለሱቋ ዓይኗን ከፌስታሉ ላይ አላነሣችም። ሚጢጢ መጨረስ ነበረባት።

“ከርስዎ በፊት ግን አንድም ቃል አይገባኝም ነበር። መጽሐፉን ልጥለው ነበር። የመጀመሪያው የገባኝ ቃል እርስዎ ነዎት፤ ሌሎቹ በርስዎ በር ነው የገቡት። አሁን እርስዎ ሲሄዱ ሁሉም ሄዱብኝ።”

“የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ?”

“አዎ።”

“ከአከራይዋም በፊት?”

“ከሁሉም በፊት።”

ባለሱቋ ፌስታሉን ፈታችው፣ ቋጠረችው። “ስሚ” አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ዝገት እንደያዘው በር ሲጢጥ እያለ። “ለፍላፊ መሆኔን ለማወቅ እንግሊዝኛ አላስፈለገኝም፤ እናቴ ራሷ ብላኛለች። ያንገበገበኝ ቃሉ አይደለም። ከሥሩ ወንበር አውጥቼ ስኮራ ቆመሽ ማየትሽ ነው።” ሚጢጢ ዓይኗ እንባ ሞላ። “አሁን ግን በኔ ስም ተምረሽ ብትወድቂ፣ ያኔ ነው ዕርቅ የሌለው! የተሰደብኩበት ነገር ፍሬ ማፍራት አለበት። ነይ፣ ያዢ ይህን ፌስታል፤ እናትሽ ግማሽ ራሴን ትጨርስልኝ። ስንት ቀን ሙሉ በሻሽ ዋልኩ እኮ! ደግሞ ያን ጨርቅ ከሰሌዳው ላይ አውርጂልኝ።” ከዚያ መንገዱን እስኪሻገሩ፣ ከተሻገሩም በኋላ፣ አላቋረጠችም። ሚጢጢ እንደዚያ የሚጣፍጥ ልፍለፋ ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ማጥናቱ የግሏ መሆኑ ቀረ። ባለሱቋ በየቀኑ ከሰዓት መጥታ፣ ፀጉሯ ባይደርስም ተቀምጣ፣ በጣቷ ወደ ደንበኞቹ እየጠቆመች “ይቺስ?” ትላለች። ሴቶቹ ቃል እንዲወጣላቸው ይሻሙ ጀመር። “የኔ ከስድስት ሰባት ፊደል ማነስ የለበትም” ያለችም አለች። እናትየዋ ቅንድቧን ታነሣለች፣ ሚጢጢ ትመልሳለች፣ ካስኩ ይጮኻል። ቃላቱ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ጓደኛም ይዘው መጡ።

የፈተናው ዕለት ሚጢጢ ወደ ቤት ስትመለስ ፀጉር ቤቱ ሞልቷል፤ አንዷም ግን ልትሠራ አልመጣችም። ከእናቷ ጋር ሆነው አንድ ወንበር ለቀው ጠበቋት። ገና ከመቀመጧ ባለሱቋ ቀደመች።

“በይ፣ ማን መጣች?”

“ፍሩጋል መጣች” አለች ሚጢጢ።

አከራይዋ ከተቀመጠችበት ተነሣች። “እኔ? ፈተናው ላይ? ምን ብለው ጠየቁ?”

“ስለ አንድ ነጋዴ ነው። አሮጌ ኮቱን አስጠግኖ ይለብሳል፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይላል።”

“ጥሩ ሰው ነው!” አለች አከራይዋ። “ትክክለኛ ሰው ነው!”

“ሜቲኩለስም መጣች፣ ምንባቡ ውስጥ።” ፋርማሲስቷ መስመሩን በቃል አስደገመቻት። “የዝናቡ ፒያስትራም መጥቷል፣ ኤፌመራል። አንድ ሌላም ነበረች።”

“ማን ናት?”

“አታውቋትም” አለች ሚጢጢ፤ እናቷ አፍንጫዋን አየች።

ባለሱቋ እስካሁን ተራዋን እየጠበቀች ነበር። “እኔስ?”

ሚጢጢ አንድ ትንሽ ውሸት ይበቃት ነበር፤ ማንም አያጣራም። ባለሱቋ ዓይኗን ጥላባታለች። “እርስዎ አልመጡም እትዬ።”

“አልመጣሁም?” ባለሱቋ ብድግ አለች። “ስንት ወራት አስጠንቼ? ስም ሰቅዬ? ቆጣቢ መጥታ እኔ እቀራለሁ? ማነው ፈተናውን ያወጣው?” ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም መጨረሻ ላይ አብራ ሳቀች። ከዚያ ሚጢጢን ጉንጯን ያዝ አድርጋ “አልዋሸሽኝም” አለቻት፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ውጤቱ በስልክ መጣ። ሚጢጢ መታጠቢያው ዘንድ እጇን በሽርጧ አደራርቃ ከፈተችው። አየችው፣ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት፣ እናቷም ቁጥር ማንበብ ታውቃለችና አየችው። የማለፊያውን ነጥብ ረግጦ አልፎታል። አንዳቸውም ቃል አልወጣቸውም። የወጣላት ባለሱቋ ናት፤ ፊታቸውን አይታ ብቻ በሩን በርግዳ ወጣች። “ሚጢጢያችን አለፈች! ኮሌጅ ገባች! በኔ ስም ነው የተማረችው፣ ሰሌዳውን እዩት!” ጫማ ጠጋኙ ሰማ፣ ጋራዡ ሰማ፣ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን አወጣ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አውቆ እስኪጨርስ አልተመለሰችም። ሰው እንዲህ ዓይነት አፍ ባይኖረው ደስታ እንዴት ይዳረሳል? አከራይዋ ለቤቱ ሁሉ ለስላሳ አስመጣች፤ እውነቴን ነው፣ በገዛ እጇ። ባዶውን ጠርሙስ ግን ራሷ ለቅማ መለሰች።

ፀጉር ሠሪዋ በዚያ ሁሉ መሐል በደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ ተቀምጣበት አታውቅም። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፣ አልጠረገችውም። “ዛሬ ኮራሁ” አለች። “በሰው ፊት ልናገረው፣ ኮራሁ።” ሚጢጢም በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፤ አንገቷ ቀና ብሏል፣ ዝቅ ልታደርገውም አልፈለገችም።

ወደ ኮሌጁ ልትሄድ በዋዜማው፣ ሻንጣዋ በር አጠገብ ቆሞ፣ እናቷ መቀሱን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። በጨርቅ ወለወለችው፤ በመያዣው በኩል አዙራ ዘረጋችላት።

“ያዢ። አሁን ልመጂ።”

“አሁን? ልሄድ ስል?”

“ያኔ ብሰጥሽ መደበቂያ ታደርጊው ነበር። አሁን ግን ሙያ ነው፤ በዕረፍትሽ እየመጣሽ ታግዢኛለሽ።” እናቷ ቅንድቧን አነሣች። “ደግሞ ያቺ የማናውቃት፣ ፈተናው ላይ የመጣችው፣ ማን ናት? እኔ ነኝ አይደል?”

ሚጢጢ ሳቀች። “ኦብስቲኔት።”

“ትርጉሙ?”

“ግትር። የፈለገ ቢሉት ሐሳቡን የማይለውጥ። ጨዋታውን በጀመርን በሁለተኛው ቀን ነው ያገኘሁት፤ ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።”

እናቷ መስታወቱን አየች፣ ልጇን አየች። “ታዲያ ምን ያስፈራል? ግትር ባልሆን የት ትደርሺ ነበር?” አለችና መቀሱን እጇ ላይ አስጨበጠቻት። “በዐረፍተ ነገር ንገሪኝ።”

ሚጢጢ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። እናቴ ግትር ናት፣ ስለዚህ እኔ አለፍኩ። እናቷ ምንም አልገባትም፤ ግን አፍንጫዋ አልተንቀሳቀሰምና ልክ መሆኑን አወቀች።

“በማን ራስ ልጀምር?” አለች ሚጢጢ።

ባለሱቋ እንደ ሁልጊዜው በር ላይ ነበረች፣ ስለ ምራቷ አዲስ ፍሪጅ እያወራች። “በኔ ነዋ! የመጀመሪያዋ ማን ሆነና?” ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ስለ ፍሪጁም ቀጠለች። ሚጢጢ ፎጣውን አንገቷ ላይ አሰረችላት፣ ዘለላዋን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ መቀሱን ከፈተች። የብረቱ ድምፅ ጆሮዋ አጠገብ ቀጭ ሲል፣ ጋሩለስ በዕድሜዋ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አለች።